ከባማኮ ዳካር፣ አንድ ሰዓት ከአርባ

ሰላሳ አንድ ዓመት የአውሮፕላን ትኬት ሸጫለሁ፤ አንድም ቀን ግን አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ባማኮ፣ ከትልቁ ገበያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሯችን፣ ሰው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ዳካር ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ሲለኝ ቀና እንኳ ሳልል እመልሳለሁ። "አንድ ሰዓት ከአርባ። በሰማይ አንድ ሺህ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ እንቅልፍ አይሞላም።" ስንቱን መንገደኛ በዚህች ቃል እንደሸኘሁ አላውቅም። ለራሴ ባስፈለገችኝ ቀን ግን ውሸት ሆና ቁጭ አለች።

ስሜ ቴነን ጃራ ነው፤ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። መንገድ ያስወጣኝ የወንድሜ ልጅ የንጎሎ ጋብቻ ነበር። ንጎሎ ብረት በያጅ ነው። አባቱ ሲሞት እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ ከሆዴ አልወጣም እንጂ ልጄ ነው። የወደዳት ልጅ ማጌት ጆፕ ትባላለች። የዳካር ልጅ ናት፤ አዋላጅነት ልትማር ባማኮ ሁለት ዓመት ስትቀመጥ ነው የተዋወቁት። አባቷ መይሳ ጆፕ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። ባቡሩ ሳይቀር በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ከዳካር ባማኮ ተመላልሷል፤ ቋንቋችንን ባምባራን ሲናገር ከእኛ አይለይም። ሚስቱ ሞታለች። ከማጌት ሌላ ልጅ የለውም።

በእኛ ወግ ልጅ የሚጠየቀው በኮላ ነው። ኮላ የሚታኘክ፣ ድካም የሚያባርር መራራ ፍሬ ነው፤ አሥሩ በቅጠል ተጠቅልሎ ይላካል። የልጅቷ አባት ነክሶ ካኘከ ሰጠ ማለት ነው፤ ከመለሰው የለም። ሙሽራው ራሱ አይወስደውም። ከቤተ ዘመድ አንድ ሰው ከቤቱ ጄሊ ጋር ይሄዳል። የእኛ ቤት ጄሊ ማዲ ኩያቴ ነው፤ አባቱ አባቴን፣ አያቱ አያቴን ያወደሱ፣ ዘር ቆጣሪና አፈ ቀላጤያችን። ቃሉን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ዘመድ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ብሎ መቀመጥ ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብደኝ ማዲ ያውቃል።

ማዲ በስልክ ለንጎሎ ሲጠይቅለት መይሳ ጆፕ እንዲህ አለ፦ "ባማኮ አንድ ሰዓት ከአርባ ናት። ለዚያ ርቀት ልጄን መስጠት እችላለሁ። ኮላው ግን በሰው እጅ ይምጣ፤ እስከ መጪው አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት። ካልመጣ የወንድሜ ልጅ ከጣሊያን ጠይቆኛል፣ ለሱ ነው የምሰጠው።"

ምን ችግር አለው አልኩ። ለእኔና ለማዲ የማክሰኞ ትኬት ቆረጥኩ። ለራሴ ስም ትኬት ስቆርጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሑድ ዕለት የጎረቤት አገሮች መሪዎች ከእኛዎቹ ገዢዎች ጋር ተጣሉ። በየብስም በሰማይም ድንበር ተዘጋ ተባለ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት የዳካር በረራዎች ሁሉ ተሰርዘዋል። በመስኮቱ በኩል አንዱ ጎንበስ ብሎ "ዳካር ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። "የት አባቴ አውቃለሁ!" አልኩት። በሰላሳ አንድ ዓመት ደንበኛ ተቆጥቼ አላውቅም ነበር።

ለመይሳ ጆፕ ደወልኩ። ጃራና ጆፕ የቀልድ ዘመዶች ነን፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። አንዱ ሌላውን ሎሌዬ፣ ሆዳም፣ አደንጓሬ በላ ቢለው መቆጣት ነውር ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ ጀመርኩ።

"አንተ አደንጓሬ በላ! ሰማዩ ተዘግቷል እኮ!"

"ሰምቻለሁ ሎሌዬ። እኔ አልዘጋሁትም።"

"አንድ ሳምንት ጨምርልን።"

"አልጨምርም።"

"ለእመቤትህ ነው እንዲህ የምትመልሰው?"

"ቀልዱ ቀልድ ነው፣ ልጄ ግን ቀልድ አይደለችም" አለ፤ ድምፁም ከቀልድ ወጣ። "አርብ ብያለሁ። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።"

"የወለድካት እኮ እሷ ናት!"

ስልኩን ዘጋው። ንጎሎ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አክስቴ፣ በቃ ተይው" አለኝ። "መንግሥት የዘጋውን እኛ አንከፍተውም። ይቅር።"

"ይቅር? ማን ነው ይቅር ያለህ? የዘጉት ሰዎች ናቸው ወይስ አንተ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ብረትህን በይድ። ኮላውን እኔ አደርሳለሁ።"

እልህ ያዘኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ከንጎሎ ፍቅር ይልቅ እልሁ ይበልጥ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች፣ በማላውቀው አዳራሽ ተቀምጠው፣ ሰላሳ አንድ ዓመት የተናገርኩትን ቃል ውሸት አደረጉብኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ባማኮና ዳካር በነሱ ፈቃድ ዘመድ የሆኑት?

ማዲ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "እትዬ ቴነን፣ በመንገድ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ጋሽ ማዲ፣ አያትህ በፈረስ ነው ወይስ በአውሮፕላን የሄደው?"

"አያቴስ በፈረስ ነበር።"

"ፈረሱ ሞተ እንጂ አንተ አለህ። ተነስ!"

ሰኞ ቀትር ላይ ድንበሩ አጠገብ ወዳለችው ወደ ካይ ከተማ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርን። አሥሩን ኮላ፣ አምስት ነጭ አምስት ቀይ፣ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልዬ፣ በጨርቅ አስሬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ኮላ ጣጣው ብዙ ነው። ውሃ ካበዙበት ይበሰብሳል፤ ከተዉት ይደርቅና ይጨማደዳል። በየቀኑ ፈትቶ ማናፈስ፣ መልሶ ማርጠብ ያስፈልጋል። የደረቀ ኮላ ለልጅ አባት ማቅረብ ደግሞ ስድብ ነው። ወራቱ ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ የሚነፍስበት ስለነበር፣ ከንፈራችን እንኳ ተሰነጣጥቋል። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። ማክሰኞን ሙሉ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ዋልን። ቅጠሉን ስፈታ ማዲ ዓይኑን ኮላው ላይ ይተክላል።

"አንዷን ብቻ ብንካፈል ይህ ድካም ይለቀን ነበር" ይለኛል።

"እጅህን ወዲያ!"

"ለወግ ያህል ነው ያልኩት።"

"ወግህን በአደንጓሬ ብላው።"

ረቡዕ ማታ ካይ ገባን። ሐሙስ ጠዋት በሌላ መኪና ፋሌሜ ወንዝ ዳር ደረስን። ወዲህ ማሊ፣ ወዲያ ሴኔጋል ነው። ድልድዩ ላይ በርሜል ደርድረው ወታደሮች ቆመዋል። ሾፌራችን "መጨረሻ ነው፣ ውረዱ" አለ። ሰዉ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ መጣበት ተመለሰ። እኔ ግን ከድልድዩ ወደ ታች፣ በወንዙ ዳር ሄድኩ። ማዲ እያጉረመረመ ተከተለኝ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አንድ ዛፍ ሥር ሲላ የሚባል ነጭ ጢማም ሽማግሌ መረብ ሲጠግን አገኘን። ታንኳው አጠገቡ ታስራለች።

"ሰው አላሻግርም" አለን ገና ሳንጠይቀው። "ከሰኞ ጀምሮ ተከልክሏል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጣጣ አልፈልግም።"

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ መልሼ ለመንኩት። መረቡን ነው የሚያየው። ተስፋ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም። ጥቅሉን ለማዲ ሰጥቼው ፊቴን ልታጠብ ወደ ውሃው ወረድኩ። ብዙም አልቆየሁም። ስመለስ ማዲና ሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። ሽማግሌው ያኝካል።

"ማዲ! ምንድን ነው የሚያኝኩት?"

ማዲ ዓይኑን ሰበረ። "እትዬ ቴነን... ሽማግሌ ፊት ኮላ ይዤ ተቀምጬ አንድ ሳላቀርብ? የጄሊ ዘር፣ ኩያቴ ሆኜ? እጄ ራሱ ነው የፈታው።"

እውነቱን ነው። እኛ አገር የተማሩ ሰዎች ይህን ስህተት አይሠሩም፤ ልጆች አይሠሩም፤ ሌባ እንኳ አይሠራውም። በወግ ያደገ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

"የሙሽራ ኮላ ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ። "አሥር ነው የሚቆጠረው! አሥር! አሁን ምን ልሁን? ላስተፋቸው?"

ሽማግሌው ማኘኩን አቆመ። ማዲን አየው፣ እኔን አየኝ። "የሙሽራ ኮላ ነው ያበላኸኝ?"

"ይቅር በለኝ አባቴ" አለ ማዲ።

"የማን ልጅ ናት?"

"የዳካሩ መይሳ ጆፕ ልጅ" አልኩ። "ከነገው ሶላት በፊት ካልደረስን ለሌላ ይሰጣታል።"

ሽማግሌው የቀረውን ዋጠ። መረቡን አስቀመጠ። "እንግዲህ የሙሽራ ኮላ የበላ ምስክር ነው" አለ። "ጋብቻው ከፈረሰ ያለ ሐቄ የበላሁት ሊሆን ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሐራም አልበላም።" ተነስቶ የታንኳዋን ገመድ መፍታት ጀመረ። "ልጅቷንም አላህ ይባርካት" አለ ጀርባውን እንደሰጠን።

እዚያ ማዶ ድረስ ግን አላደረሰንም። መሃል ያለው አሸዋ ላይ አወረደንና "ከዚህ ወዲያ በእግር ነው፣ ጉልበት አያልፍም" አለን። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ኮላውን አናቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ጉልበት አያልፍም ያለው ውሃ አንድ ቦታ ላይ ወገቤን ያዘኝ። ማዲ ከኋላዬ ቅድመ አያቶቼን በሙሉ በስማቸው እየጠራ ያወድሰኛል፤ ፈርቶ ነው።

ማዶ አንድ ወጣት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ይጠብቀናል።

"እማማ፣ ከየት ነው?"

"ከውሃው።"

"ድንበር ተዘግቷል። ተመለሱ።"

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ልብሴ ይንጠባጠባል። "መልሰኝ" አልኩት። "ግን ተሸክመኸኝ ነው የምትመልሰኝ። በእግሬ ወደ ኋላ አልሄድም። ይህን ሽማግሌም ጨምር፣ እሱ ከኔ ይቀላል።"

"እማማ፣ ታዝዤ ነው።"

ደረቱ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ንጃይ ይላል። ወንዙን ሲሻገር ጃራ ንጃይ ይሆናል፤ ዘሩ አንድ ነው። "እኔ ጃራ ነኝ" አልኩት። "አንተ ንጃይ ነህ። እናትህ ነኝ ማለት ነው። እናትህን ውሃ ውስጥ መልሰህ ክተት፤ ማን ነው ያዘዘህ፣ እኔም ስሙን ልወቀው።"

ልጁ ሳቁን ሊውጥ ሞከረና አልቻለም። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን፤ ማዲ ነገረው። "ወደ ጆፕ ቤት?" አለ። "የጆፕን ልጅ ልታመጡልን?" ዞሮ ቆመ። "እኔ አሁን ወንዙን ነው የማየው" አለ። እሱ ወንዙን ሲያይ እኛ ወደ መንገዱ ወጣን።

ከዚያ ወዲያ በሽንኩርት መኪና፣ ከዚያም ሰባት ሰው በሚጭን አሮጌ ታክሲ ተጓዝን። ታምባኩንዳ ገበያ ላይ ማዲ እጄን ያዘኝ። "እዚህ ኮላ ይሸጣል" አለ በሹክሹክታ። "አንድ እንጨምር። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ" አልኩት። "ከቤታችን የወጣ ዘጠኝ ነው የቀረው። ዘጠኝ ሆኖ ይገባል።"

አርብ ዳካር ስንገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የጁምዓ ሶላት ካበቃ ቆይቷል። መይሳ ጆፕ ግቢው ውስጥ፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙስባሃውን ይቆጥራል። ጎረቤቶቹ ከበውታል። ከበሩ መጋረጃ ጀርባ የማጌት እግር ይታየኛል።

"ሎሌዬ፣ አረፈድሽ" አለ።

"አንተ ሆዳም፣ እንግዳ ቆሞ ነው የምታናግረው? ምንጣፍ የላችሁም?"

ጎረቤቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ምንጣፍ ተነጠፈልን። ማዲ ጉሮሮውን ጠርጎ ቃሉን ሊጀምር ሲል መይሳ እጁን አነሳ። "ቃሉን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ልቁጠር።" ቅጠሉን ፈታ። አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ደረደረ። "ዘጠኝ" አለ። "አሥረኛው የት ሄደ?"

ማዲ አንገቱን ደፋ። ወጉ እኔ ዝም እንድል ነበር። የት አባቱ አልኩ በሆዴ፤ ሰማይ ሲዘጋ ወጉን የጠየቀው የለም።

"አሥረኛውን ፋሌሜ ዳር ሲላ የሚባል ሽማግሌ በላው" አልኩ። "በልቶ አሻገረን። ልጅህንም መረቀ። ከዘጠኙ ደግሞ አራቱ ደርቀዋል፤ ከመቁጠርህ በፊት ልንገርህ። ሰዓቱም አልፏል። ደብቄ ያመጣሁት ነገር የለም።"

መይሳ ከወንበሩ ወርዶ ፊት ለፊቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

"ቴነን" አለኝ፤ ሎሌዬ አላለም። "ስንት ቀን ፈጀብሽ?"

"አምስት።"

"እግርሽን አሳዪኝ።"

ቀሚሴን ገለጥ አደረግኩ። እግሬ አብጦ ቁርጭምጭሚቴ ጠፍቷል። ረጅም ጊዜ አየው።

"እኔ የምፈራው ይህንን ነው" አለ። "ባቡሩ እያለ ባማኮ የሁለት ቀን መንገድ ነበረች። ነጂው እኔ ስለነበርኩ አልሰጋም ነበር። ባቡሩ ቀረ። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአርባ ነው ሲሉኝ እሺ አልኩ። እሑድ ዕለት እሱም ቀረ። ነገ ብሞት በዕለቱ ነው የምቀበረው፤ አምስት ቀን የሚያቆየኝ የለም። ያለችኝ አንድ ልጅ አፈር ሳታለብሰኝ? ሁላችሁም ጣሊያንን ሩቅ ትላላችሁ፤ ከጣሊያን እኮ በአንድ ቀን ይደረሳል። አንቺ ኮላ አይደለም ያመጣሽልኝ። ልክ መሆኔን ነው ያመጣሽልኝ።"

አምስት ቀን መንገድ ላይ ስድቤን ሳዘጋጅ፣ ሰውዬው ፈርቶ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሳዘነኝ። ያዘነው አንጀቴ ግን መልሶ ነደደ።

"እውነትህን ነው" አልኩ። "ላትደርስ ትችላለች። እዚህ ጎረቤት ብትዳርም ላትደርስ ትችላለች። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የወንድምህ ልጅ ዛሬ የት ነው?"

"ጣሊያን ነዋ።"

"ሰማዩ ተዘግቶበታል?"

"አልተዘጋበትም።"

"ታዲያ የታለ? ለእሱ ሰማዩ ተከፍቶለት አልመጣም። እኔ ተዘግቶብኝ መጣሁ። መይሳ፣ የዘጉት ሰዎች ያንተንም የእኔንም ስም አያውቁም። ዘጋን ሲሉ አንተም ቤትህ ቁጭ ብለህ እሺ ካልካቸው፣ ድልድዩ ላይ በርሜል ደርዳሪው አንተ ነህ። እኔ እሺ አላልኳቸውም። ነገም ቢዘጉ አልልም። ልጅህ ወዳንተ ስትነሳ ብቻዋን አትነሳም። እኔ ካለሁ እኔ፣ ከሌለሁ ንጎሎ፣ እሱም ከሌለ የሚወልዷቸው ልጆች አብረዋት ይነሳሉ። ደረሰችም አልደረሰችም መንገድ ላይ ትሆናለች እንጂ ሩቅ አገር ቁጭ ብላ አታለቅስም። ከዚህ የተሻለ የሚሰጥህ ካለ ለሱ ስጥ። ኮላዬን መልስልኝና ልሂድ።"

እጄን ዘረጋሁ። መይሳ እጄን አየ፤ ኮላውን አየ። ከደረቁት አንዷን አነሳ። ለስላሳዎቹ አጠገቧ ነበሩ፤ አላነሳቸውም። ጥርሱ መካከል አስገብቶ ነከሰ፤ አልሰበር አለችው። በሁለተኛው ሰበራት። ግማሹን ለእኔ ሰጠኝና የራሱን ያኝክ ጀመር። እንጨት የማኘክ ያህል ነበር። እንባዬ እየወረደ እኔም አኘክሁ። ማዲ ያመቀውን ድምፅ ሁሉ ለቀቀው፤ የጃራን ዘር ከሥሩ ጀምሮ እየጠራ፣ ጆፕንም ሳይረሳ፣ ሰፈሩን አናወጠው።

መይሳ የራሱን ግማሽ ዋጠ። ከዚያ "ውሃው እስከ የት ነው?" አለኝ።

"ጉልበት ይላሉ። እኔን ወገቤን ይዞኛል።"

"በክረምትስ?"

"በክረምት ከሰው ቁመት ያልፋል።"

ራሱን ነቀነቀ። ወደ በሩ መጋረጃ ዞረ።

"ማጌት!"

"አቤት አባዬ!"

"ከሰርጉ በፊት መዋኘት ተማሪ።"